በሐዋሳ የሰፈር ምግብ ቤት ቁርስና ምሳ እንዴት ይበላል

በሐዋሳ የሰፈር ምግብ ቤት ገብቶ ጥሩ ቁርስም ሆነ ጥሩ ምሳ ለመብላት ከምግብ ዝርዝሩ ይልቅ ሰዓቱን ማወቅ ይጠቅማል። በግድግዳው ላይ የተጻፈው ዝርዝር ቤቱ ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከምድጃ የሚወርደው ግን እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ስለዚህ እንደተቀመጡ አስተናጋጇን «እህቴ፣ አሁን ምን ደርሷል?» ብለው ይጠይቁ።

ፉል የሚወዱ ከሆነ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቢደርሱ ይመረጣል፤ ባቄላው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ብዙ ሰዓት የሚቀቀል በመሆኑ፣ የተዘጋጀው ድስት ካለቀ ሌላ እስኪበስል ተቀምጦ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ጥሩ ፉል ባቄላው ደቆ ያላለቀ፣ ግማሹ ተደቁሶ ግማሹ ፍሬው የሚታይ፣ ከላዩም ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በደቃቁ ተከትፎ የተነሰነሰበት ነው። «ስፔሻል» ሲባል በአብዛኛው እንቁላል ይጨመርበታል፤ እርጎ ወይም አቮካዶ የሚያክሉም ቤቶች ስላሉ ምን እንዳለበት ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ዳቦው ያደረ ከሆነ እንዲሞቅልዎ ይንገሩ፤ ፉል በቀዝቃዛ ዳቦ ሲበላ ጣዕሙ ይጠፋል። ጨጨብሳና እንቁላል ፍርፍር ሲታዘዙ የሚሠሩ ስለሆኑ አርፍዶ ለመጣ ሰው የተሻሉ ናቸው። የሚጾም ሰው ግን ጨጨብሳው በቅቤ ሳይሆን በዘይት እንዲሠራለት ሲያዝ መናገር አለበት።

ምሳ ላይ ሐዋሳ የራሷ ጸጋ አላት። አጥማጆች አመሻሽ ላይ በሐይቁ የዘረጉትን መረብ ማለዳ ስለሚሰበስቡ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል የሚወርደው ዓሣ ትኩስነቱን ሳያጣ በሰፈር ምግብ ቤቶች የሚደርሰው ለምሳ ነው፤ ዓሣ ለእራት ባይቆይ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በብዛት የሚቀርበው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው የዓሣ ዓይነት ሲሆን፣ ሙሉው ዓሣ ግራና ቀኙ በቢላ ተተልትሎ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ትልትሉ ሙቀቱ እስከ አጥንቱ እንዲዘልቅ ከማድረጉም በላይ ለበላተኛው መንገድ ያሳያል፤ ከጀርባው ተነሥቶ በትልትሉ መስመር በጣት ሳብ ሲያደርጉት ሥጋው ከመሃሉ አጥንት ይላቀቃል። በሆዱ በኩል ያለው አጥንት ስስና ሹል ስለሆነ ያን ክፍል በጥንቃቄ መብላት፣ ለልጅ ሲያጎርሱም አስቀድሞ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ከቃሪያና ከቅመም የሚፈጨው ዳጣም አብሮት ይቀርባል፤ ኃይለኛ ስለሆነ በመጀመሪያ በጥቂቱ ማጥቀስ ነው። አጥንት የሚያስቸግረው ሰው ዓሣ ጉላሽ ወይም ኮተሌት ማዘዝ ይችላል።

በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ምእመናን አንድ አቋም ስለሌላቸው፣ እንግዳ ይዘው ከሄዱ ሳያዝዙ ፈቃዱን ይጠይቁት። በከተማዋ የፕሮቴስታንት ምእመናን በርካታ በመሆናቸው ረቡዕና ዓርብም ሥጋ የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ፤ በእነዚህ ቀናት የጾም በያይነቱ ወይም ሽሮ የሚያዝ ሰው ቅቤ እንዳልገባበት ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሥጋ የሚበሉ ከሆነም ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ቀድሞ ማወቅ ለእርስዎም ለአብሮ በላተኛዎም ይበጃል።

ለምሳ 6 ሰዓት ላይ መድረስ ከሠራተኛው ግፊያ ያድናል። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ጠረጴዛ መጋራት ስለማይቀር፣ «ሰው አለው?» ብሎ ጠይቆ መቀመጥ ነው፤ አስቀድሞ የተቀመጠው ሰው «እንብላ» ቢልዎት አመስግነው የራስዎን ይዘዙ። እንጀራ ሲጨመር ዋጋው ለብቻ ይታሰብ እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። በቴሌብር ከከፈሉ የመጣልዎትን መልእክት ለሒሳብ ተቀባዩ አሳይተው፣ ገንዘቡ መድረሱን ሲያረጋግጥልዎ ይነሡ።