ውሃው አርሰኒክ ሲኖረው፣ ጆሮ ሲደክም

ምልክቱ፦ ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ግን ይጠፋል። የወፍ ድምፅ፣ የሕፃን ንግግር፣ የስልክ ጥሪ ያመልጣል። ጆሮም ይጮሃል።

በቅድሚያ ቀላሉን ያጣሩ። የጆሮ ኩክ አለ? ወፍጮ ቤት ይሠራሉ? ጀንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የሚባሉ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ተወግተው ያውቃሉ? እነዚህ ከአርሰኒክ (ውሃ ውስጥ ሊገኝ ከሚችል መርዛማ ንጥረ ነገር) ይልቅ የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው። ጆሮ ብቻውን አርሰኒክን አያጋልጥም፤ ይልቁንስ ቆዳን ይመልከቱ። ደረትና ጀርባ ላይ የተነጠበጠበ ጥቁረት፣ መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ የደደረ ቆዳ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ከታየ፣ በተለይም ከአንድ ጉድጓድ የሚጠጡ ብዙ ሰዎች ላይ ከታየ፣ ጥርጣሬው ከውሃው ላይ ያርፋል።

መንስኤው፦ አርሰኒክ ከድንጋይና ከደለል ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በባንግላዴሽ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን የተቆፈሩት ጉድጓዶች መርዙን ይዘው ወጡ፤ ኋላ ላይ አደገኛዎቹ ቀይ፣ ደህናዎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። እዚያው በተደረገ ጥናት አርሰኒክ የበዛባቸው ወጣቶች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን (ቀጭን) ድምፅ የመስማት አቅማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በእኛም ስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 10 ማይክሮግራም በሊትር በላይ አላቸው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥርስ በለዘ ማለት አርሰኒክ አለ ማለት አይደለም።

መፍትሄው፦ ውሃውን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ቀለምም ጣዕምም ሽታም ስለሌለው በምላስ አይለይም። ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ አርሰኒክ አያስወግድም። ዋናው ነገር ለመጠጥና ለማብሰያ ምንጭ መቀየር ነው፤ ልብስ ማጠቢያው እንደነበረ ይቀጥል። ሌላ ምንጭ ከሌለ ብረት ኦክሳይድ ያለበት ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) ማጣሪያ ይሠራል፤ ነገር ግን የተጣራውን ውሃ ደግመው ያስመርምሩ።

በሰውነት ውስጥ ያለውን አርሰኒክ የሚለካው የሽንት ምርመራ የሚያሳየው የቅርብ ቀናትን ነው። አሳና ሌላ የባሕር ምግብ ውጤቱን ስለሚያዛባ ከምርመራው በፊት ጥቂት ቀናት ይተዉ።

ለጆሮው የመስማት ልኬት (ኦዲዮሜትሪ) ያስደርጉ፤ 4000 እና 8000 ኸርዝ (ቀጭን ድምፆች) ላይ ያለውን ውጤት ይጠይቁ። የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሴሎች ተመልሰው አይበቅሉም፣ ስለዚህ የመስማት መርጃ መሣሪያ እንጂ ኪኒን አይጠብቁ። ውሃው ከተቀየረ በኋላም መስማት እየቀነሰ ከሄደ ሐኪሙ ሌላ መንስኤ ይፈልግ።