ሙያ ወይስ ቢሮ? ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨረሰ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ምን ይማር" እያለ ሲከራከር እሱ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ማንም አልጠየቀውም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። አባቴ "የቢሮ ሰው ሁን" አለኝ፣ አካውንቲንግ ተማርኩ፣ ይኸው 11 ዓመቴ ነው። ሥራዬን አልጠላም። ግን ሌላውን፣ የእጅ ሙያውን፣ ሳላየው ነው የመረጥኩት፣ እሱ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ በራሴም በሌሎችም ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውና የከፋው ሙያን የወደቀ ልጅ መሄጃ ማድረግ ነው። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ አካባቢ ናቸው፣ 3.2 በመቶ ማለት ነው። ከቀሩት ውስጥ ቴክኒክና ሙያ የገባው ልጅ ከቤተሰቡ የሚሰማው "እንግዲህ ምን ይደረግ" የሚል ቃል ነው። እንደተቀጣ እየተሰማው ወርክሾፕ የሚገባ ልጅ ደግሞ ልቡ እዚያ አይሆንም። ይሄ ንቀት የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ብረት ሠሪውን "ጠይብ"፣ ሸማ ሠሪውን "ሸማኔ" እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ልጇ ዩኒቨርሲቲ የገባላት እናት ለጎረቤት ታወራለች፣ ልጇ ብየዳ የምትማርባት ዝም ትላለች። ደግሞ የሶስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ጭነት አመጣጥኖ ማከፋፈል ሒሳብ ይጠይቃል እኮ! ጎበዝ ተማሪም ይሄን መርጦ ቢገባበት ምን ነውር አለው?

ሁለተኛው የመጀመሪያ ወር ገቢን ብቻ ማወዳደር ነው። ረዳት ሆኖ የሚጀምር ልጅ መሣሪያ እያቀበለ ወራት ያሳልፋል፣ የሚያገኘውም ትንሽ ነው። ያን ያየ ሰው ይሸሻል። ሌላው ደግሞ በካሬ ተዋውሎ የሚሠራ የሴራሚክ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ያገኘውን ሰምቶ ይጓጓል፣ ሳይት የቆመበትንና ሥራ የጠፋበትን ወር ግን አይቆጥርም። የቢሮ ደመወዝ በየወሩ ይገባል፣ ነገር ግን ጤፍና የቤት ኪራይ ሲጨምር እሱ አብሮ አይጨምርም። ስለዚህ የዓመቱን ጠይቁ። ገና የጀመረ፣ 5 ዓመት የሠራና 20 ዓመት የሠራ ሰው ፈልጋችሁ ከሁለቱም ወገን ጠይቁ። ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ስለራሳችሁ ዕድሜ ነው የምትጠይቁት።

ወረቀትን እንደ ችሎታ መቁጠርም አለ። ብዙ ልጆች የቴክኒክና ሙያውን ደረጃ 4 ጨርሰው ለሲ.ኦ.ሲ.፣ ማለትም ለብቃት ምዘናው፣ ሲቀርቡ ነው እጃቸው እንዳልተፍታታ የሚገባቸው። በትብብር ሥልጠና ደንብ 70 በመቶው ሥራ ቦታ ላይ፣ 30 በመቶው ተቋም ውስጥ ነው የሚሰጠው። ከመመዝገባችሁ በፊት "ያ 70 በመቶ የት፣ ከማን ጋር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ቦታ እዩ። ለዲግሪውም ያው ነው፣ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ።

የነገውን አለማየት ሌላው ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ዛሬ መካኒክነት የሚጀምር ልጅ ሞተር መፍታት ብቻ ሳይሆን የባትሪና የኤሌክትሪክ ሥራም መልመድ አለበት። ቢሮም ከዚህ አያመልጥም፣ ቁጥር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያሳስበኛል።

ጡረታን መርሳት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ተቀጣሪ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በግሉ ለሚሠራ ግንበኛ ግን ያን 11 በመቶ የሚጨምርለት የለም። ወገብና ጉልበት ደግሞ ይደክማል። ሙያ የምትመርጡ ከሆነ ቁጠባውን ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሩ፣ ፎርማን ወይም የራስ ሥራ ባለቤት የመሆኑንም መንገድ ቀድማችሁ አስቡ።

የመጨረሻው ሥራውን ሳያዩ መወሰን ነው። ቢሮ ሲባል ብዙ ልጅ የሚታየው ንጹህ ሸሚዝ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ እስከ ሌሊት ማምሸቱ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ወገብ መያዙ አይታየውም። ሙያም ሲባል የሚታየው ብር ብቻ ነው፤ ያለ መከላከያ የበየደ ሰው ሌሊት ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ሲያድር፣ ቧንቧ ሠራተኛ ቀኑን ግድግዳ ሲበሳ ውሎ ማታ ደግሞ በዋጋ ሲከራከር ማን ያያል? ደንበኛ ማናገር ራሱ የሥራው ግማሽ ነው። ዝምተኛ ልጅ ይሄን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ክርክሩን አስቁሜ የእህቴን ልጅ ሠፈራችን ካለ ኤሌክትሪሺያን ጋር ለሁለት ሳምንት አስጠጋሁት። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን እኔ ቢሮ እየመጣ ዋለ። እዚያ በሁለተኛው ቀን ሰዓት ማየት ጀመረ። ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር የዋለ ቀን ግን አቧራ ለብሶ ይመጣና እራት እየበላን አንድ ቤት መብራቱ ለምን እንደሚቆራረጥ፣ ብልሽቱን እንዴት ከአንዱ የሽቦ ማገናኛ ሳጥን ወደ ሌላው እየተከተሉ እንዳገኙት አያቱን ሳይቀር ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። ከፍታ ግን ይፈራል፣ መሰላል ላይ እግሩ ይንቀጠቀጣል። እሱንም ራሱ ነው የነገረን።