ደንበኛ የሚያሸሹ ልማዶች፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ሱቅ ግድግዳ ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ሌላው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ንጉሡ የገዛው ጫማ በሳምንቱ ሶሉ ቢላቀቅ ምን እንደሚሆን የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም።

እዚህ የማነሳቸው ትልልቅ ማጭበርበሮች አይደሉም። ባለሱቁ ራሱ ጥፋት ብሎ የማይቆጥራቸው ናቸው። ደንበኛ የሚርቀው ግን ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

«መንገደኛ ነው፣ የት ያገኘኛል»

የአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን እያቋረጠ ያልፋል። የእነዚህ ከተሞች ገበያም ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ደብረ ሲና ላይ መኪና ከቆመ ቆሎ መግዛት ያለ ነው። ሻጮቹ ቆሎውን ይዘው ወደ መስኮት ይሮጣሉ፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሁሉም ይቻኮላል። በዚህ ግርግር ላስቲኩ ውስጥ የገባውን ማን አይቶ ይገዛል? ከላይ ሱፍና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ትኩስ ቆሎ ይታያል። ከታች ያደረና የለዘዘ ገብስ ተቀብሯል።

ይሄ የሚሠራው አንዴ ነው። ሹፌርና ረዳት ኑሯቸው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ተሳፋሪውም ለፋሲካ ያለፈ ለእንቁጣጣሽ ይመለሳል። ሹፌሩ አንዴ «እዚህ ጋ አልቆምም» ካለ ደግሞ ይዞ የሚሄደው የመኪና ሙሉ ገዢ ነው።

ጎበዟ ሻጭ ቆሎዋን ዘገን አድርጋ «እስቲ ቅመሺ» ትላለች። ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ትመርቃለች። በእፍኟ አትከስርም፣ ገዢው ግን በሚቀጥለው ጊዜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እሷን ይፈልጋል። ምርቃት ሲባል ታዲያ ጣሳው ከሞላ በኋላ ነው። መጀመሪያ አጉድሎ ሰፍሮ ኋላ «መረቅኩህ» ማለትን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል።

«ነገ ነይ»

ይህ የልብስ ሰፊው፣ የእንጨት ሠራተኛው፣ የስልክ ጠጋኙ የጋራ ጣጣ ነው። አንዲት ሴት ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ ታዝዛለች። «ሐሙስ ነይ» ትባላለች። ሐሙስ ስትመጣ ጨርቁ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነው። «መብራት ጠፍቶ እኮ ነው!»

መብራት መጥፋቱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እሷም አትክድም። የሚያናድዳት ከባሶና ወራና ገጠር በዚያ ብርድ በጠዋት ተነስታ በከንቱ መምጣቷ ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ስልክ ቢደወልላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስልክ ከሌላት የጎረቤቷን ቁጥር መቀበል ነው።

በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከባዱ ነገር እምቢ ማለት ነው። «እትዬ፣ እስከ ጥምቀት አይደርስልኝም፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ» ያለ ሰፊ የዚያን ቀን ገንዘብ ያጣል። ሴትየዋ ግን ለልጇ ሠርግ ልብስ ስታሰፋ መጀመሪያ የምትሄደው እሱ ጋ ነው። ቀብድ ተቀብሎ በበዓሉ ዋዜማ የተሸሸገውን ሰፊ ግን ለመንደሩ ሁሉ ታወራለታለች። እኔ ብሆንም አወራለታለሁ።

ዋጋን በልብስ መቁረጥ

ጋቢ ለለበሰ ገበሬ አንድ ዋጋ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሌላ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላ። በዋጋ መከራከር ባህላችን ነው፣ እሱን አልቃወምም። ነገር ግን ለእኔ «ለአንተ ብዬ ነው» ብሎ በሸጠልኝ ዋጋ ላይ ለቀጣዩ ሰው መቶ ብር ሲቀንስ አጠገቡ ቆሜ ከሰማሁ፣ ምን ይባላል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። የተለጠፈ ዋጋ ለነጋዴውም ዕረፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ከመማል ያድናል።

«አይመለስም»

ወደ ጫማው እንመለስ። ይኸው አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህን መብት አይሽረውም።

ሕጉን እንተወውና፣ ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መሰማት ነው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ከተባለ ጠብ ይሆናል፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ገዢዎችም ዕቃቸውን እያስቀመጡ ይወጣሉ። «እስቲ አምጣው ልየው» ከተባለ ግማሹ ንዴት ይበርዳል። የፋብሪካ ችግር ከሆነ ይለወጥለት። ውሃ ውስጥ ነክሮት ከሆነም በትሕትና ነግሮ፣ ሊስትሮ ጋ ልኮ ማስለጠፍ ይቻላል። ወጪው ከአንድ ጫማ ትርፍ አይበልጥም።

መልስ በማስቲካ

ዝርዝር ሲጠፋ ከረሜላ ወይም ማስቲካ መስጠት ተለምዷል። ሳይጠየቅ የተሰጠ ማስቲካ ግን በግድ የተሸጠ ዕቃ ነው። ጠዋት ዝርዝር ይዞ መክፈት፣ ካልተገኘም በቴሌብር መቀበል ይቻላል። በተለይ ሕፃን ልጅ ተልኮ ሲመጣ መልሱን ቆጥሮ እጁ ላይ ማስያዝ ነው። እናቱ ቤት ትቆጥረዋለች።