በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ እንዴት ይጀመራል?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ጣፎ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ተኝቷል እንበል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ ለማየት ብቻ ወደ መሀል ከተማ ሪፈር ይባላል። አምቡላንስ ይፈለጋል፣ ኦክስጅን ይያዛል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ከሁሉም የከፋው ልጁ መቀዝቀዙ ነው። አንድ ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ሕፃን ከማሞቂያው ሲወጣ ሰውነቱ ወዲያው ይበርዳል። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ልጁ ይምጣ።

ብዙዎች ከግዢ ይጀምራሉ። እኔ ግን ከጥያቄ ጀምሩ እላለሁ። ምን ለማየት ነው? ሥራው በተጀመረበት የመጀመሪያ ዓመት ጭንቅላትን ማየት ይበቃል። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱትን ወይም ከ1500 ግራም በታች የሆኑትን ምረጡ። የእነዚህ ልጆች የአንጎል ደም ሥሮች ስስ ናቸው። ደም ከፈሰሰም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከውጭ ምንም ምልክት አያሳይም። በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ አንዴ፣ በ4ኛው ሳምንት አካባቢ ሁለተኛ፣ መወለድ የነበረበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ሦስተኛ እዩ። ልጁ ድንገት ከገረጣ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ቀን አትጠብቁ።

እጃችሁ ሲፈታ ሳንባ ይቀጥላል። ከሳንባ ውጭ አየር ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ራጅ እስኪነሳ ላይጠብቅ ይችላልና። ልብን ለጊዜው ተዉት፤ ረዘም ያለ ሥልጠና ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሰው ነው። ከራዲዮሎጂ ክፍሉ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ካልሆነ «ሥራችንን ነጠቁን» የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ እነሱም እውነት አላቸው። ሁለት ሐኪሞችና ጥቂት ነርሶች ይሠልጥኑ። በየሳምንቱ አንድ ራዲዮሎጂስት ምስሎቹን አብሯቸው ይይ። በአካል መምጣት ካልቻለ በቴሌግራም ይላክለት፤ የልጁና የእናቱ ስም ግን ይጥፋ። ዓይናችሁ እስኪለምድ ብቻችሁን ውሳኔ አትስጡ።

ማሽኑ ውድ መሆን የለበትም። ፕሮቡ፣ ማለትም ልጁን የሚነካው የማሽኑ ጫፍ፣ እርግብግቢት ላይ የሚያርፍ ትንሽና ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ይሁን። መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ ይኑረው። ሲበላሽ መጥቶ የሚጠግን ሰው መኖሩንም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

አሁን ወደ ልጁ። እጅ ይታጠባል። ጄሉ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ጄል ልጁን ያስደነግጠዋል። የማሞቂያው መስኮት ብቻ ይከፈት፣ ክዳኑ አይነሳ። ነርሷ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ቀስ ብላ ትያዝ። ፕሮቡ እርግብግቢቱ ላይ ይረፍ እንጂ አይጫን። መጀመሪያ ከጆሮ ወደ ጆሮ፣ ከዚያ ከግንባር ወደ ማጅራት ይታያል። ነርሷ ዓይኗን ከሞኒተሩ አትንቀል፤ የልብ ምቱ ወይም ኦክስጅኑ ከወረደ ወዲያው አቁሙ። ሲያልቅ ጄሉ በደንብ ይጠረግ፣ እርጥበት ሙቀት ይወስዳልና። ፕሮቡም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ከመዛወሩ በፊት አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ይጽዳ። ይህን በፍጹም አትዝለሉ። አንዱን ልጅ ስናይ ለሌላው ኢንፌክሽን ማቀበል የለብንም።

እናትየዋን አትርሷት። ልጇ ራስ ላይ ዕቃ ሲቀመጥ ስታይ ትደነግጣለች። ከመጀመራችሁ በፊት «አይዞሽ እናቴ፣ አያመውም፣ ጨረርም የለውም» በሏት። ደረቷ ላይ አቅፋው ከሆነ እዚያው እንዳለ ማየት ይቻላል።

ያያችሁትን በዚያው ቀን ካርዱ ላይ ጻፉ። ግን ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት አንድ ነገር ይወሰን፦ ችግር ከተገኘ ምን ይደረጋል? ለምሳሌ የአንጎል ፈሳሽ ቋቶች እየሰፉ ከሆነ የጭንቅላቱ ዙሪያ በየቀኑ በሜትር ይለካ። የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ስልክም ከአሁኑ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ሌሊት ተረኛ የሆነው ሰው ቁጥር ፍለጋ እንዳይባዝን።