በሱቅ በር ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ አልነበብ ሲል

አራት ኪሎ፣ የሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላለ ልብስ ስፌት ቤት መንገደኛውን ወደ ቴሌግራም ቻናል የሚያመጣው ርካሽ ነገር መግቢያው ላይ የሚለጠፍ የኪውአር ኮድ ስቲከር ነው። ስቲከሩ ግን ወይ አይነበብም፣ ወይ «ሊንኩ አይሠራም» ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ሊንኩ በአብዛኛው የሚሞተው ኮዱ «ዳይናሚክ» ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ኮድ መጀመሪያ የሚወስደው ኮዱን ወደ ሠራው ድርጅት ድረገጽ ነው፤ የነጻ ሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ይዘጋል። ቻናሉን ፐብሊክ አድርጎ፣ አጭር ዩዘርኔም ሰጥቶ፣ ሊንኩን በቀጥታ ራሱ ውስጥ በሚይዝ «ስታቲክ» ኮድ ማሠራት ይፈታዋል። ሊንኩ ሲያጥር የኮዱ ትንንሽ ካሬዎችም ስለሚተልቁ በቀላሉ ይነበባሉ።

አለመነበቡ በአብዛኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የኮዱ ጎን ከሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፦ ሰው 1.5 ሜትር ላይ የሚቆም ከሆነ 15 ሴ.ሜ.። በዙሪያው ቢያንስ የ4ቱን ትንንሽ ካሬዎች ስፋት የሚያህል ነጭ ቦታ ይተው፤ ዲዛይነሮች ፍሬም ማስጠጋት ይወዳሉ፣ ኮዱን የሚገድለውም ይኸው ነው። ጥቁር በነጭ ይሁን፤ ቀለሙ ሲገለበጥ (ነጭ በጥቁር ሲሆን) የማያነቡት ስልኮች አሉ። መሃሉ ላይ ሎጎ ካለ፣ ኮዱ በከፊል ቢሸፈንም እንዲነበብ የሚያደርገው የስህተት ማረሚያ ትልቁ ደረጃ (30 በመቶ) ይመረጥ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ፀሐይ ሲመታው ስለሚያንጸባርቅ ማት (የማያብረቀርቀው) ይሻላል።

ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ቢቻል በፒዲኤፍ። ከመታተሙ በፊት ኮዱን በተራ ወረቀት ፕሪንት አድርጎ፣ በሩ ላይ ለጥፎ፣ ካሜራው ደካማ በሆነ አሮጌ ስልክ መሞከር። ዩዘርኔሙም ከሥሩ በጉልህ ይጻፍ፤ ዳታ ያልሞላ ሰው ቤቱ ገብቶ ይፈልገዋል።