የሸራ ጣሪያ መኪና የኋላ ፕላስቲክ መስኮት ሲደበዝዝ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና የያዘ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። አዲስ እያለ ጥርት ያለው የኋላ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፣ አንድ ቀን ማታ ስፖኪዮ ስታዩ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሳይሆን የተበታተነ የመብራት ጭጋግ ብቻ ይታያችኋል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ፖሊሽ ገዝቶ መፈተግ ይጀምራል። አንዳንዱ ላይ ጥሩ ይሰራል። ሌላው ላይ ደግሞ ክንድ ከማድከም በቀር ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ድብዛዜው ላይ ላዩን የተቀመጠ አለ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ የገባም አለ። ፖሊሽ የሚደርሰው የመጀመሪያው ጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። መስኮቱን አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ ደብዛዛው ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ በንጹህ ውሃ አርጥቡና ሳይደርቅ በዚያ በኩል አሻግራችሁ ተመልከቱ። እርጥቡ ቦታ ከጠራ ደስ ይበላችሁ፣ ችግሩ ጭረት ነው። ውሃው ጥቃቅኖቹን ጭረቶች ስለሞላቸው ብርሃኑ እንደ ድሮው አልተበታተነም ማለት ነው። ካልጠራ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፣ በውስጥ በኩልም አርጥቡትና ድጋሚ እዩ፤ የውስጡ ፊትም እኮ ይጫራል፣ ሰው ስለማያየው ይረሳዋል እንጂ። ሁለቱም ፊት ረጥቦ አሁንም ጠቆር ያለ ቢጫ ወይም ጉም ከሆነ ግን ለፖሊሽ የምታወጡትን ገንዘብ ለአዲስ መስኮት አስቀምጡት።

ደብዛዛ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይጠራል

ምክንያት፦ ይህ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፣ ሰዉ ቪኒል የሚለው። እንዲታጠፍ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ ስለተሰራ በቀላሉ ይጫራል። አቧራው ሳይጠረግ ጣሪያው ሲታጠፍ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ይፋተጋል፣ መሃሉ ያለው አሸዋ ስራውን ይሰራል። በደረቅ ጨርቅ መወልወልም ያው ነው። ብሩሽ የሚሽከረከርበት የመኪና ማጠቢያማ አይነሳ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ለስላሳ የመኪና ሻምፖ። አንድ የአሸዋ ፍሬ ከቀረ ፖሊሹ ራሱ አዲስ ጭረት መስሪያ ስለሚሆን እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዙሪያውን ያለውን ሸራና ስፌት ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ ነጭ የፖሊሽ ቅሪት ጥቁር ሸራ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ከፖሊሹ ስራ ይብሳል።

ፖሊሹ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሰራ ይሁን። የሜጓየርስ ፕላስትኤክስ አለ፣ ኖቨስ ደግሞ በቁጥር ይመጣል፦ 3 ለከባድ ጭረት፣ 2 ለቀላል ጭረት፣ 1 ለማጽዳትና ለማብረቅ። ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምሩ። በ2 የሚጠፋውን ጭረት በ3 መነካካት አዲስ ስራ መፍጠር ነው።

ስራው በጥላ ስር፣ ፕላስቲኩ በእጅ ሲነካ ቀዝቀዝ ብሎ። ትንሽ ፖሊሽ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አድርጉ፣ በአንድ ጊዜ ከመጽሐፍ ገጽ ያልበለጠ ቦታ ያዙ። አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ መስኮቱ ስለሚተጣጠፍ በአንድ እጅ ስትፈትጉ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ግፊቱ ሁሉ ባዶ ይቀራል። ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ንጹህ ፎጣ በመዳፉ ዘርግቶ ከወዲያ በኩል ይደግፍላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንድ እጃችሁን ከውስጥ አሳልፋችሁ ያዙት፣ ትንሽ ያስቸግራል ግን ይቻላል። ሳይደርቅ ጥረጉት፣ በንጹህ የጨርቁ ጎን አጥሩት፣ እዩት፣ ድገሙት። በአንድ ዙር ተአምር አትጠብቁ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነው ለውጡ የሚታየው። ከዚያ የውስጡን ፊት።

በማሽን ልስራው የሚል አለ። ይቻላል፣ ስፖንጅ ያለው ማሽን በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንድ ቦታ ሳይቆም። ትራፓኖ ላይ ስፖንጅ ገጥሞ በሙሉ ኃይል መልቀቅ ግን ቪኒሉን ያግለዋል፣ የጋለ ቪኒል ደግሞ ይጎረብጣል፣ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ በምንም አይመለስም።

ጥፍር ሲሄድበት የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ካለ አንዳንዶች 2000 ከዚያ 3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ ይጠቀማሉ። እኔ ለዚያ ጭረት ብዬ ሙሉ መስኮት አልነካም ባይ ነኝ። ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ የተነሳው አይመለስም። አንድ ጭረት እያዩ መንዳት ይቻላል እኮ።

በነገራችን ላይ የፊት መብራት ማጽጃ ኪት እዚህ አታምጡ። መብራቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ኪቱ ውስጥ ያለው ሻካራ ወረቀትም ለእሱ የታሰበ ነው።

ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ወተት መስሎ ይነጣል

ምክንያት፦ ቪኒል ትንሽ ትንሽ እርጥበት ይጠጣል። በተለይ እርጥብ መኪና ላይ ልብስ አልብሶ ያሳደረ ሰው ጠዋት ሲገልጠው ይደነግጣል።

መፍትሄ፦ ምንም አታድርጉ። ጣሪያውን ዘርግታችሁ አየርና ሞቅ ያለ ፀሐይ አሳዩት፣ ውሃው ሲወጣ ንጣቱ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ሰዓት ፖሊሽ የሚያነሳ ሰው በከንቱ ይደክማል። ደርቆም ካልጠፋ ከላይ ወደተነገረው የውሃ ሙከራ ተመለሱ። ጉሙ በጣት ሲጠረግ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ተራ የትንፋሽ ጤዛ ነው፣ ማራገቢያውን አብሩት።

ካጸዳሁት በኋላ ባሰበት

በምን አጸዳችሁት? አሞኒያ ያለው የቤት መስታወት ማጽጃ ለቪኒል ጠላት ነው፣ እየዋለ እያደረ ያደርቀዋል። አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ደግሞ እዚያው ያበላሹታል። ሙጫ ወይም ቀለም ለማስለቀቅ ብሎ ቲነር የነካው ቦታ በክብ ነጥቶ ይቀራል። ቀለል ያለ ከሆነ በፖሊሽ ይሻሻላል፣ ሲዳሰስ የሻከረና የተጨማደደ ከሆነ ግን ቀልጧል፣ አይሆንም።

ቅባታማ ሆኖ አቧራ የሚሰበስብ ከሆነ ዳሽቦርድ ማብረቂያ ወይም የጎማ ማብረቂያ ተቀብቶበት ይሆናል። ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ፣ ያልቃል።

ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኗል

ምክንያት፦ ፀሐይ። አልትራቫዮሌት ጨረር የፒቪሲን ሞለኪውል እየበጣጠሰ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያስወጣዋል፣ ቀለሙ የሚመጣው ከተረፈው የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። ለስላሳ የሚያደርገው ቅመምም አብሮ እየተነነ ይሄዳል፣ ለዚህ ነው ያረጀ መስኮት ቢጫም ደረቅም የሚሆነው።

መፍትሄ፦ ጉዳቱ ከውጭኛው ፊት ስለሚጀምር ገና ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ፖሊሽ ትንሽ ያነሳዋል። ሻይ የመሰለ ከሆነ አለቀ። የጥርስ ሳሙናም፣ ሎሚም፣ ቤኪንግ ሶዳም አይመልሰውም፣ ኢንተርኔት ላይ በሚታዩት ቪዲዮዎች የጠራ የመሰለው ስለረጠበ ነው።

መታጠፊያው ላይ መስመር ወይም ስንጥቅ

መስመር ብቻ ከሆነ ጣሪያውን ዘግታችሁ ወጥራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ ወይም ፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁ። ከተሰነጠቀ የሚጠግነው የለም። ግልጽ ፕላስተር ዝናቡን ለጊዜው ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ስንጥቁ በየእጥፋቱ ይረዝማል።

ስንጥቁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በብርድ ነው። ቀዝቃዛ ቪኒል ይደርቃል፣ በብርድ ጠዋት ጣሪያ ማውረድ መስኮቱን መስበር ነው። እንደ መጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ዚፕ ያለው ከሆነ ጣሪያውን ከማውረድ በፊት ዚፑን ፍቱና መስኮቱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት። ዚፕ ከሌለው ጣሪያው ሲታጠፍ መሃሉ ላይ ለስላሳ ፎጣ አስገቡ፣ ሹል እጥፋት እንዳይሰራ። ከፖሊሽ በኋላ ደግሞ ለግልጽ ቪኒል የተሰራ ፀሐይ መከላከያ ቀቡት፣ በየጊዜው ይደገም። አለበለዚያ የደከማችሁበት ጥራት ብዙ አይከርምም።

መቀየር ግድ ሲሆን

ዚፕ ያለው ቀላል ነው፣ መስኮቱ ብቻውን ይቀየራል። የተሰፋውን ታፒሴሪ ሰሪ ጋ ውሰዱት፣ አሮጌውን ፕላስቲክ ፈትቶ አዲስ ይሰፋበታል። ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ግልጽ ቪኒል ጠይቁ። ተጠቅልሎ ሳይሆን ተዘርግቶ የተቀመጠውን ምረጡ፣ ተጠቅልሎ የከረመ የራሱን ሞገድ ይዞ ይመጣል። ሰሪው አሮጌውን የመርፌ ቀዳዳ ተከትሎ እንዲሰፋም ንገሩት፣ ሸራው ላይ አዲስ ረድፍ ቀዳዳ ከተበሳ ውሃ ያስገባል። ሸራው ራሱ ጫፍ ጫፉ ላይ መሳሳት ከጀመረ አዲስ መስኮት አሮጌ ጨርቅ ላይ አታሰፉ፣ ሙሉ ጣሪያውን ቀይሩት። ያኔ መስታወት ያለው ጣሪያ ለመኪናችሁ ይሰራ እንደሆነ ጠይቁ። ፖርሽ ቦክስተር እንኳ በፕላስቲክ ጀምሮ ከ2003 ሞዴል ወዲህ ወደ መስታወት ዞሯል። ግን መስታወቱ ስለማይታጠፍ የጣሪያው አስተጣጠፍ ሊለይ ይችላል፣ ከመግዛታችሁ በፊት የጣሪያው ብረት ይቀበለው እንደሆነ አረጋግጡ።