ኮምፕሬሰሩ እያጉረመረመ አልነሳ ሲል፦ ሞተሩን ከመፍታት በፊት መስመሩን መለካት

በድሬዳዋ በግቢያቸው ውስጥ የጎሚስታ፣ የቀለም ቅብ ወይም የብረታ ብረት ሥራ የጀመሩ ባለሙያዎች ትልቅ ኮምፕሬሰር ሲገዙ የታንኩን መጠንና የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ከቆጣሪው እስከ ሞተሩ ስለሚዘረጋው ሽቦ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ለጥገና ከምጠራባቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ያሉት እዚያ ሽቦ ላይ ነው።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም፤ የቤቱም መብራት ይደበዝዛል

ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ነጠላ ፌዝ ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ በሚነሳባት ቅጽበት ግን ከዚህ አምስትና ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 80 አምፔር አካባቢ ይስባል። ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከተገናኘ፣ ጅረቱ ሄዶ የሚመለስበት 60 ሜትር ሽቦ 0.42 ኦም ያህል ይቋቋመዋል። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ የሚጠፋው 6 ቮልት ብቻ በመሆኑ ማንም አያስተውለውም፤ በመነሻው ጊዜ ግን 30 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። የሞተር የመነሻ ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ 190 ቮልት የደረሰው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን አጥቷል። ማታ ማታ የሰፈሩ ኃይል ራሱ ወደ 200 ቮልት በሚወርድበት ሰዓት ደግሞ የጎደለው ወደ ሁለት አምስተኛ ይጠጋል።

ሳቢያን አካባቢ በአንድ ወርክሾፕ በዚሁ ምክንያት የሞተሩ የውስጥ ሽቦ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተጠቅልሎ ነበር። ባለቤቱ በቴስተር አይቶ «220 አለ» ይል ነበር፤ የለካው ግን ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው። የማልቲሜትሩን ጫፎች በሞተሩ ተርሚናል ላይ አድርገን ስናስነሳው 174 ቮልት አነበብን። መስመሩን ስንከተል ከጣሪያው ሥር ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠማዝዘው በቴፕ የተጠቀለሉበት መጋጠሚያ ተገኘ፤ ቴፑ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ፣ መዳቡም ጠቁሮ ነበር። መስመሩን ያለ መጋጠሚያ በአንድ ወጥ 6 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል ከዋናው ብሬከር ስንዘረጋው ያው ሞተር በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ስለዚህ መለኪያው መነበብ ያለበት ሞተሩ በሚነሳባት ቅጽበት ነው፤ ተርሚናሉ ክፍት ሆኖ ኃይል ያለበት ሥራ ስለሆነም ልምድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ሊሠራው ይገባል።

ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ታንኩ ባዶ ሲሆን የሚነሳ፣ ግፊት ሲኖረው ግን የማይነሳ ከሆነ፣ ጥፋቱ በፕሬዠር ስዊቹ (ግፊቱን አይቶ ሞተሩን በሚያበራና በሚያጠፋው ማብሪያ) ላይ ያለችው አየር ማስተንፈሻ ቫልቭ ናት። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም «ፍስስ» ብላ ወዲያው ዝም ማለት አለባት፤ ድምፅዋ ካልተሰማ ተደፍናለች፣ ካላቋረጠ ደግሞ ታንኩ ላይ ያለው አየር የማይመልሰው ቫልቭ ያፈሳል። ቺንጋው ወልቆም ሞተሩ ብቻውን ካልተነሳ መነሻ ካፓሲተሩ ይቀየራል። ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ፣ በሬዚስተር ሳይራገፍ በእጅ መንካት አይገባም።

ሲነሳ ብሬከሩ ይወርዳል

የቢ ዓይነት ብሬከር ከተጻፈበት አምፔር ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስበት ወዲያው ይወርዳል፤ የሲ ዓይነት ከ5 እስከ 10፣ የዲ ዓይነት ደግሞ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይታገሣል። ለሞተር የሚመረጠው ሲ ወይም ዲ ነው። ብሬከሩ ስለወረደ ብቻ በ2.5 ሽቦ ላይ የ40 አምፔር ብሬከር መትከል ግን እሳት መጋበዝ ነው፤ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ አምፔሩ ከሽቦው አቅም መብለጥ የለበትም።

ጠዋት በደንብ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያጠፋል

ይህ የድሬዳዋ ሙቀት ጉዳይ ነው። የቤት ብሬከሮች የሚለኩት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሳጥን በግንቦትና በሰኔ ከዚህ እጅግ ስለሚያልፍ፣ ብሬከሩም የሞተሩ ኦቨርሎድም (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ የሚያጠፋው መከላከያ) ያለ ጊዜው ይወርዳል። ሳጥኑን ወደ ጥላ ግድግዳ ማዛወር፣ ኮምፕሬሰሩን ከግድግዳ ማራቅና የሞተሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ከአቧራ ማጽዳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላም ከጠፋ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ጅረት በሚለካ መሣሪያ) ይለካ፤ ጅረቱ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ካለፈ ሞተሩ በእውነት ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው።

ባለ ሦስት ፌዙ ያጉረመርማል ወይም በተቃራኒ ይዞራል

ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ከጠፋ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ስለሚችል ወዲያው ይጥፋ፤ ፌዝ ሲጎድል የሚያጠፋ ሪሌይም ይገጠምለት። በተቃራኒ ከዞረ ኃይሉ ተቋርጦ ከሦስቱ መስመሮች የፈለጉትን ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል።

አካሉ ሲነካ ይነዝራል

ሥራው እዚያው ይቁም። አንድም የውስጥ ሽቦው አካሉን ነክቷል፣ አንድም ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የደህንነት ሽቦ) የለውም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ናቸው። እንደ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ባለ ደረቅ አሸዋ አንዲት አጭር ዘንግ መቅበር ዋጋ የለውም፤ ደረቅ አሸዋ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ረጅም ዘንግ እርጥበት እስኪያገኝ ይወርዳል፣ ካልበቃም ሌላ ዘንግ ተራርቆ ይጨመርና በኧርዝ መለኪያ መሣሪያ ይረጋገጣል። በመስመሩም ላይ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይሉን የሚያቋርጥ መከላከያ) ይገጠማል፤ መሞከሪያ ቁልፉም በየወሩ ይጫናል።